የሚለካ ግብ ጥሎ ሰርተፊኬት ማውጣት፦ በሥራ ላይ ላለ ባለሙያ የተዘጋጀ መመሪያ

ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱና ገላን ባለው የፋብሪካ ቀጠና የምንሠራ ባለሙያዎች በየመስከረሙ የምንናገራት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ «ዘንድሮ ሰርተፊኬቴን አወጣለሁ» የምትል። እኔ በአንድ ፋብሪካ የኔትወርክ ባለሙያ ስሆን ይህችን ዓረፍተ ነገር ሁለት መስከረም በተከታታይ ተናግሬአታለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ፈተናው ላይ ሳልቀመጥ ሰኔ ገባ፤ በሁለተኛው ዓመት ተቀመጥኩና ወደቅሁ። በሦስተኛው መስከረም በደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ የጻፍኩት ግን ሌላ ነበር፦ «በሳምንት 8 ሰዓት አጠናለሁ፤ በየወሩ የመጨረሻ እሑድ አንድ ሙሉ ሞዴል ፈተና ሰዓት ይዤ እሠራለሁ፤ ሦስት ሞዴል በተከታታይ ከመቶ 85 እና ከዚያ በላይ ካላመጣሁ የፈተና ቀን አላስይዝም።» ያለፍኩት በዚያ ዓመት ነው። በሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው፤ የመጀመሪያዋ እውነት መሆኗ የሚታወቀው ዓመቱ ካለቀ በኋላ ሲሆን ሁለተኛዋ ግን በየሳምንቱ እሑድ ማታ ተከናውናለች ወይስ አልተከናወነችም ተብላ ልትመረመር ትችላለች።

ይህ መመሪያ እየሠራ ለሚያጠና፣ ፈረቃ ለሚገባ፣ ቤተሰብ ለሚያስተዳድርና ጊዜው የተቆራረጠ ለሆነ ሰው የተጻፈ ነው። ሙሉ ቀን የማጥናት ዕድል ያለው ሰው ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ ሊበቃው ይችላል።

ሰርተፊኬቱ የየትኛው ወገን እንደሆነ መለየት

ግብ ከመጣል በፊት የሚፈለገው ሰርተፊኬት ከየትኛው ወገን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም መለኪያው እንደ ወገኑ ይለያያል። የምርት ሰርተፊኬት የሚባለው የአንድን ኩባንያ ዕቃ ወይም ሶፍትዌር በአግባቡ ማስተዳደርን የሚያረጋግጥ ሲሆን የኔትወርክ ዕቃ አምራቹ ሲስኮ ለኔትወርክ ባለሙያ የሚሰጠው ሲሲኤንኤ እና የማይክሮሶፍት የተለያዩ ሰርተፊኬቶች ከዚህ ወገን ናቸው። እነዚህ በአብዛኛው በአንድ ወይም በሁለት ፈተና የሚያልቁ፣ የጊዜ ገደብ ያላቸውና ምርቱ ሲሻሻል ይዘታቸው አብሮ የሚለወጥ ናቸው። ስለዚህ መለኪያቸው የጥናት ሰዓትና የሞዴል ውጤት ነው።

የሙያ ሰርተፊኬት ደግሞ ከማንኛውም ኩባንያ ምርት ተለይቶ ሙያውን የሚመለከት ነው። የሒሳብ ባለሙያዎች ኤሲሲኤ 13 ፈተናዎች፣ የ36 ወር የሥራ ልምድና የሙያ ሥነ ምግባር ትምህርት አለው። የፕሮጀክት ሥራ አመራሩ ፒኤምፒ የአራት ዓመት ዲግሪ ካለው አመልካች 36 ወር ፕሮጀክት የመምራት ልምድና 35 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል። እንዲህ ባሉት ላይ «ስንት ሰዓት አጠናሁ» ብቻውን ደካማ መለኪያ ነው፤ ስንት ፈተና እንደታለፈ፣ ስንት ወር ልምድ በአሠሪ ፊርማ ተደግፎ እንደተመዘገበ ጎን ለጎን መቆጠር አለበት። ሦስተኛው በአገራችን በብዛት የሚታወቀው የሙያ ብቃት ምዘና፣ በተለምዶ ሲኦሲ የምንለው ነው፤ የጽሑፍና የተግባር ክፍል ያለው ሲሆን ውጤቱም «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» የሚል ስለሆነ የራሱ የተለየ አለካክ ይፈልጋል። ወደዚያ ኋላ እመለሳለሁ።

ግቡን የሚያጠሩ አምስት ጥያቄዎች

የሚለካ ግብ አጻጻፍን የተማርኩት ከፋብሪካው የጥራት ክፍል ነው። ፋብሪካችን የጥራት ሥራ አመራር ደረጃ የሆነውን አይኤስኦ 9001 ለማግኘት ይዘጋጅ በነበረበት ወቅት የጥራት ኃላፊዋ ወደ እያንዳንዱ ክፍል እየመጣች የክፍሉን ዓላማ ታስጽፍ ነበር። እኛ «የኔትወርክ አገልግሎቱን ማሻሻል» ብለን ጻፍን። እሷም ወረቀቱን መልሳ «ይህን በመጋቢት ወር መጥቼ በምን ልመርምረው?» አለችን። በ2015 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የደረጃው እትም በአንቀጽ 6.2 የጥራት ዓላማዎች የሚለኩ መሆን እንዳለባቸው ይደነግጋል፤ ዓላማውን ለማሳካት ሲታቀድም ምን እንደሚሠራ፣ ምን ግብዓት እንደሚያስፈልግ፣ ኃላፊው ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚጠናቀቅና ውጤቱ እንዴት እንደሚገመገም እንዲወሰን ያዝዛል። ለድርጅት የተጻፈ ቢሆንም ለአንድ ሰው ጥናት ከዚህ የተሻለ ቅጽ አላገኘሁም።

ጥያቄዎቹን ለምሳሌ በሲሲኤንኤ ላይ ብናውላቸው የሚከተለውን ይመስላሉ። የሚሠራው፦ የፈተናውን ስድስት የይዘት ክፍሎች አንብቦ የተግባር ልምምዳቸውን (ላብ የሚባለውን) መሥራት። ግብዓቱ፦ 200 ሰዓት፣ አንድ ላፕቶፕ፣ ያለ ክፍያ የሚገኘው የሲስኮ የኔትወርክ መለማመጃ ሶፍትዌር ፓኬት ትሬሰር፣ ያልታዩ ቢያንስ አምስት ሞዴል ፈተናዎችና የፈተናው ክፍያ። ኃላፊው፦ አጥኚው ራሱ፤ ነገር ግን በየወሩ ደብተሩን የሚያይ አንድ ሰው ይጨመርበታል። የሚጠናቀቅበት ጊዜ፦ የፈተናው ሳይሆን የዝግጁነቱ ወር። የሚገመገምበት መንገድ፦ ሰዓት ተይዞ የተሠራ ሞዴል። ከአምስቱ ውስጥ በብዛት የሚዘለለው የመጨረሻው ነው፤ እኔም በወደቅኩበት ዓመት አራቱን መልሼ አምስተኛውን ትቼው ነበር።

ደብተሩን የሚያየው ሰው ትምህርቱን የሚያውቅ መሆን የለበትም። የእኔን ደብተር የምታየው ባለቤቴ ነበረች፤ ስለ ራውተር የምታውቀው ነገር ባይኖርም በአንድ ሳምንት 8 ተብሎ በታቀደበት መስመር ላይ 3 ተጽፎ ስታይ መጠየቅ ታውቃለች።

አስቀድሞ ሰዓትን መለካት

አብዛኛው ዕቅድ የሚፈርሰው የሌለ ሰዓት ስለሚታቀድበት ነው። ስለዚህ ግቡን ከመጻፍዎ በፊት ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም ሳይለውጡ ጊዜዎን ብቻ ይመዝግቡ፤ ስንት ሰዓት ከቤት እንደወጡ፣ ሰርቪስ ወይም ታክሲ ስንት ደቂቃ እንደወሰደ፣ ማታ ስንት ሰዓት ላይ አእምሮዎ ማንበብ እንደሚያቆም ይጻፉ። እኔ በሳምንት 15 ሰዓት አለኝ ብዬ አምን ነበር፤ ስለካው 6 ሰዓት ተኩል ሆኖ ተገኘ። ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ አነበብኩት የምለው አብዛኛው በማግስቱ ሲጠየቅ የማይገኝ ንባብ ነበር። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነሥቶ አንድ ሰዓት ማጥናት ከማታው ሁለት ሰዓት የበለጠ ውጤት እንዳለው የተረዳሁት ከዚህ ምዝገባ ነው፤ የሌሊት ጥናት ጨምሬ 8 ሰዓት አደረስኩት።

በሰርቪስ ውስጥ የሚጠናውን እንዴት እንደምቆጥረው በተደጋጋሚ እጠየቃለሁ። ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ መሀል ከተማ የሚሠራ ሰው በቀን ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ መንገድ ላይ ስለሚያሳልፍ ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ የመንገድ ጥናትን በግማሽ እቆጥረዋለሁ፤ አንድ ሰዓት ከተጠና ግማሽ ሰዓት እመዘግባለሁ፤ ለክለሳና ለትርጓሜ እንጂ ለአዲስ ትምህርት አልጠቀምበትም። መብራት ሲጠፋም እንዲሁ አስቀድሞ የተወሰነ ሥራ ሊኖር ይገባል። ፓኬት ትሬሰር ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ የላፕቶፑ ባትሪ እስካለ ድረስ ላብ ይሠራል፤ ባትሪው ሲያልቅ በወረቀት የሚሠራ የሳብኔቲንግ፣ ማለትም አንድን ኔትወርክ በአድራሻ ወደ ትንንሽ ክፍሎች የመከፋፈል፣ ልምምድ ይቀጥላል።

ቀጥሎ ከዓመቱ ላይ የማይጠናባቸውን ቀናት መቀነስ ነው። ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ ረመዳንና ኢድ አስቀድመው ይታወቃሉ። የጥር ሰርግም ይታወቃል። ልቅሶ ግን ቀን ስለሌለው መጠባበቂያ ሊያዝለት ይገባል፤ ጎረቤት ልቅሶ ተቀምጦ ቤቱን ዘግቶ የሚያጠና ሰው እንዲኖር አልመክርም። እኔ ለእያንዳንዱ አምስት ሳምንት አንድ ሳምንት እጨምራለሁ። በዚህ ስሌት 200 ሰዓት በሳምንት 8 ሰዓት 25 ሳምንት ይሆናል፤ መጠባበቂያው አምስት ሳምንት ሲጨመርበት 30 ሳምንት፣ ማለትም 210 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ልክ ሰባት ወር ነው። መስከረም 1 የጀመረ ሰው የዝግጁነት ወሩ ሚያዝያ ይሆናል ማለት ነው።

የሒሳብ ባለሙያ ከሆኑ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ኤሲሲኤ ዋና ዋና ፈተናዎቹን በመጋቢት፣ በሰኔ፣ በመስከረምና በታኅሣሥ በፈረንጆቹ ወሮች ይሰጣል፤ በእኛ አቆጣጠር በግምት የካቲት መጨረሻ፣ ግንቦት መጨረሻ፣ ነሐሴ መጨረሻና ኅዳር መጨረሻ መሆኑ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 የሚዘጋ ስለሆነና ብዙ ድርጅቶችም ሒሳባቸውን በዚያው ስለሚዘጉ ለነሐሴው ፈተና የሚጠናው ሒሳብ በሚዘጋበት ሐምሌ ነው። ገላን በሚገኝ ፋብሪካ የምትሠራ ጎረቤቴ የነሐሴውን ፈተና ሁለት ዓመት ተመዝግባ ሁለቱንም ጊዜ ከወደቀች በኋላ ነሐሴን ከዕቅዷ ሰርዛ የኅዳርና የየካቲት ፈተናዎች ላይ ብቻ ለማተኮር ወሰነች። በዓመት ሁለት ፈተና ማለት ለ13ቱ ስድስት ዓመት ተኩል ነው። ቁጥሩ ረጅም ይመስላል፤ ነገር ግን በዲግሪዋ ምክንያት ከተወሰኑት ፈተናዎች ነፃ ስለተደረገች የቀራት ያንሳል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህ ቁጥር የእሷ ቁጥር ነው። በሦስት ዓመት እጨርሳለሁ ብላ በጀመረችበት ጊዜ በየወደቀችበት ፈተና ዕቅዱ በሙሉ ይፈርስባት ነበር።

ሰዓቱን ለየክፍሉ ማከፋፈል

ታዋቂ ሰርተፊኬቶች የፈተናቸውን ይዘትና የእያንዳንዱን ክፍል ድርሻ በመቶኛ ያሳትማሉ። በሲሲኤንኤው ፈተና፣ በመለያ ቁጥሩ 200-301 በሚባለው፣ የኔትወርክ መሠረታዊ ዕውቀት 20፣ የኔትወርክ መዳረሻ 20፣ የአይፒ ግንኙነት 25፣ የአይፒ አገልግሎቶች 10፣ የደኅንነት መሠረታዊ ዕውቀት 15፣ አውቶሜሽንና ፕሮግራሚንግ 10 ከመቶ ድርሻ አላቸው። 200 ሰዓቱን በዚሁ ድርሻ ብናከፋፍል ለአይፒ ግንኙነት 50 ሰዓት፣ ለመሠረታዊ ዕውቀትና ለመዳረሻ ለእያንዳንዳቸው 40፣ ለደኅንነት 30፣ ለቀሩት ሁለት ክፍሎች 20፣ 20 ሰዓት ይደርሳል።

ይህ መነሻ ክፍፍል ነው፤ ጥሩ ክፍፍል የሚሆነው የራስዎ ድክመት ሲገባበት ነው። ለዚህም ጥናቱ ሳይጀመር አንድ ሞዴል ፈተና መሥራት ያስፈልጋል። ውጤቱ ዝቅተኛ መሆኑ አይቀርም፤ ሆኖም የመነሻ ቁጥር ሳይኖር ዕድገት አይለካም። ከዚያ ለእያንዳንዱ ክፍል ሊደርሱበት ከሚፈልጉት ላይ አሁን ያመጡትን ቀንሰው በድርሻው ያባዙ። የመድረሻው ቁጥር 85 ነው እንበል። በመሠረታዊ ዕውቀት 80 ያመጣ ሰው የሚጎድለው 5 ነው፤ በ20 ከመቶ ሲባዛ 1 ነጥብ ይሆናል። በአይፒ ግንኙነት 40 ካመጣ የሚጎድለው 45 ሲሆን በ25 ከመቶ ሲባዛ ከ11 ነጥብ በላይ ነው። በአውቶሜሽን 25 ካመጣ 60 ይጎድለዋል፤ ነገር ግን በ10 ከመቶ ሲባዛ 6 ነጥብ ብቻ ነው። ዝቅተኛው ውጤት በአውቶሜሽን ቢሆንም ሰዓቱ መፍሰስ ያለበት ወደ አይፒ ግንኙነት መሆኑን ይህ ስሌት በግልጽ ያሳያል። በወደቅኩበት ዓመት ብዙ ሰዓት ያፈሰስኩት ቀድሞ በማውቀው ክፍል ላይ ነበር፤ የሚያውቁትን መልሶ ማንበብ ደስ ስለሚል ሰው ሳያስተውለው እዚያው ይቀመጣል።

በየክፍሉ ውስጥ ደግሞ ትንንሽ የሚለኩ ክህሎቶችን ለይቶ ማውጣት ይጠቅማል። «ሳብኔቲንግ ተማርኩ» ከማለት «ሃያ ጥያቄ በአሥር ደቂቃ ያለ ስህተት» ብሎ መጻፍ ይሻላል። ስላሽ 26 (/26) የሚባለው የኔትወርክ ክፍል ስንት ዕቃ ይይዛል ሲባል 64 አድራሻ፣ ለዕቃ የሚውሉት 62 ብሎ ለመመለስ ጣት የሚቆጥር ሰው ፈተናው በተሰጠው 120 ደቂቃ ውስጥ ሰዓት ያጥረዋል፤ በሲስኮ ፈተና ላይ ወደ ኋላ ተመልሶ መልስ ማረም ስለማይቻል ፍጥነት ራሱን የቻለ መለኪያ ሊሆን ይገባል።

ዝግጁ መሆንን በቁጥር መወሰን

የፈተና ቀን መያዝ ያለበት ዝግጁነቱ በቁጥር ከታየ በኋላ ነው የሚል ጽኑ አቋም አለኝ። ቀኑን አስቀድሞ መያዝ ያተጋል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ክፍያው ቀላል ለሆነለት ሰው እውነት ሊሆን ይችላል። በእኛ ሁኔታ ግን የወራት ቁጠባ የሆነ ገንዘብ አስቀድሞ ከፍሎ ሳይዘጋጁ መቀመጥ ውድ መተጊያ ነው።

የእኔ መስፈርት ሦስት ነገሮችን በአንድነት ይጠይቃል፤ ቀድሞ ያልታዩ ሦስት ሞዴሎች በተከታታይ 85 እና ከዚያ በላይ፣ ከስድስቱ ክፍሎች አንዱም ከ75 ያላነሰ፣ ሦስቱም በተመደበው 120 ደቂቃ ውስጥ የተሠሩ። «ቀድሞ ያልታዩ» የሚለው ቃል ትልቅ ክብደት አለው። አንድን ሞዴል ለአራተኛ ጊዜ ሠርቶ 95 ያመጣ ሰው የለካው ያንን ሞዴል ምን ያህል እንደሚያስታውስ ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ዳምፕ የሚባለው፣ ከእውነተኛው ፈተና ተሰርቆ የወጣ የጥያቄ ስብስብ ነው። በቴሌግራም እየተላለፈ በነፃ ስለሚገኝ ብዙ ወጣቶች እንደ ተራ የጥናት ጽሑፍ ያዩታል። በዳምፕ መጠቀም የፈተና ሰጪዎቹን ደንብ የሚጥስና ሰርተፊኬት እስከ ማሰረዝ የሚያደርስ ነው፤ ከዚያም በላይ ለራሱ የሚለካ ግብ ለጣለ ሰው ሚዛኑን ራሱን የሚያበላሽ ነገር ነው። ሰርተፊኬቱን ይዞ ሥራ የገባ ሰው የኔትወርክ ስዊቹ ፊት ሲቆም ዕውቀቱ በሁሉም ዓይን ፊት ይለካል።

በእጅ ለሚሠራ ሙያ ሞዴል ፈተና ብቻውን አይበቃም። በጥገና ክፍላችን የሚሠራ አንድ ወጣት ለኤሌክትሪክ ሲኦሲ ሲዘጋጅ የክፍሉ ኃላፊ ስታር ዴልታ የሚባለውን የሞተር ማስነሻ በቦርድ ላይ እንዲያያይዝ በየሳምንቱ ቅዳሜ ያዘው ነበር። ሥራው ትልቅ ሞተር ሲነሣ የሚስበውን ከረንት ወደ ሲሶ ያህል የሚያወርድ ነው፤ ሦስት ኮንታክተር (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ)፣ አንድ ታይመርና አንድ ኦቨርሎድ አለው። በመጀመሪያው ቅዳሜ በ52 ደቂቃ አራት ስህተት ሠራ። በአምስተኛው ቅዳሜ በ31 ደቂቃ ጨርሶ ፒንሳውን አስቀመጠና «ጋሼ፣ አለቀ!» አለ። ኃላፊው መብራት ሳያስገባ በጣቱ ሽቦውን እየተከተለ መጣና በስታሩና በዴልታው ኮንታክተር መካከል ቆመ፤ አንዱ ሲገባ ሌላው እንዳይገባ የሚከለክለው መቆላለፊያ አልተያያዘም ነበር። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ቢገቡ ሾርት ያደርጋል። «ፍታውና ከመጀመሪያው ጀምር» አለው፤ በሰሌዳው ላይም «31 ደቂቃ» የሚለውን ሳይጽፍ «የሚጥል ስህተት 1» ብሎ ብቻ ጻፈ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰሌዳው ላይ ሦስት አምዶች ነበሩ፤ ደቂቃ፣ ተራ ስህተትና የሚጥል ስህተት። የሚጥል ስህተት ካለ ደቂቃው አይመዘገብም። ልጁ ያለ ማንም እገዛ፣ ያለ አንድም ስህተት ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ ሲሠራ ብቻ ለምዘና እንዲመዘገብ ተስማሙ፤ በመጨረሻዎቹ ሦስት ቅዳሜዎች 26፣ 24 እና 22 ደቂቃ ፈጀበት፤ ምዘናውንም «ብቁ» ተብሎ ወጣ። ውጤቱ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ብቻ በሆነበት ምዘና ላይ ከመቶ ስንት አመጣለሁ ብሎ ማቀድ አያስኬድም። የሙያ ደረጃውን ሰነድ አግኝቶ በውስጡ የተዘረዘረውን እያንዳንዱን ተግባር ለይቶ ማውጣትና ለእያንዳንዱ እንዲህ ያለ መስፈርት ማበጀት ያስፈልጋል።

ገንዘብ፣ ስምና ሰዓት

የውጭ ፈተናዎች ክፍያ በዶላር ስለሆነ የገንዘቡ ግብም በዶላር ተጽፎ በየወሩ ወደ ብር መመንዘር አለበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ይህ በእኛ ጥናት ቡድን ላይ በግልጽ ታይቷል፤ የሲሲኤንኤ ክፍያ የሆነው 300 ዶላር ከዚያ በፊት 17 ሺህ ብር ገደማ የነበረ ሲሆን ዶላሩ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ በመሆኑ ክፍያው ከ30 ሺህ ብር አለፈ። ቁጠባቸውን በብር ብቻ ያቀዱት «ሞላልን» ባሉ ማግስት ግማሽ መንገድ ላይ ራሳቸውን አገኙት። ከዚያ በኋላ አምስት ሆነን የፈተና ዕቁብ ጀመርን። ዕጣ አናወጣም፤ ቅድሚያ የሚሰጠው የዝግጁነት መስፈርቱን ቀድሞ ላሟላ አባል ነው። ዕቁቡ ገንዘቡን ከመሰብሰቡ ይልቅ ደብተሮቻችንን እርስ በርስ እንድንመረምር ማስገደዱ የበለጠ ጠቀመን።

ስምን በሚመለከት፣ የፈተና መመዝገቢያ ቅጾች ስምና የቤተሰብ ስም የሚጠይቁ ሲሆን እኛ የምንጠራው በራሳችን፣ በአባታችንና በአያታችን ስም ነው። በቅጹ ላይ የተሞላው በፈተናው ዕለት ከሚቀርበው መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ጋር በላቲን ፊደል አጻጻፉ ጭምር አንድ መሆን አለበት፤ አንድ ፊደል የተለየበት ሰው በር ላይ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ይህን ማጣራት ከጥናቱ የመጀመሪያ ወር ተግባራት አንዱ ይሁን፤ መታወቂያ ማስተካከል ሳምንታት ሊወስድ ይችላልና።

የቀጠሮ ሰዓቱም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቀጠሮው 9፡00 ተብሎ በኢሜይል ስለደረሰው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ደረሰ፤ ፈተናው ግን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነበር፤ ገንዘቡም ተቃጠለ። ቀኑንና ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። የመንገዱንም ጊዜ ከፈተናው በፊት ባለው ሳምንት፣ በዚያው ቀንና በዚያው ሰዓት ሄደው ይለኩ፤ የሰኞ ጠዋት መንገድ ከእሑዱ ጋር አይወዳደርም። ከከተማው ዳር ለሚመጣ ሰው ከሰዓት በኋላ ያለ ቀጠሮ ይሻላል ባይ ነኝ። መሄድ እንደማይቻል አስቀድሞ ከታወቀ ደግሞ የሲስኮ ፈተናን ከቀጠሮው ቢያንስ 24 ሰዓት በፊት ወደ ሌላ ቀን ማዛወር ይቻላል።

ከፈተናው በኋላ

ከወደቁ የሚሰጠውን የውጤት ወረቀት አይጣሉት። የሲስኮው ወረቀት በእያንዳንዱ ክፍል ስንት ከመቶ እንደተገኘ ያሳያል፤ ከሁሉም ሞዴሎች የበለጠ ትክክለኛ መለኪያም እሱ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ወረቀት ለሁለት ሳምንት ኪሴ ውስጥ አጥፌ ይዤው ዞርኩ፤ ስከፍተው በአይፒ ግንኙነት ያገኘሁት ውጤት ከሁሉም ዝቅተኛው ነበር። ደንቡ ከአምስት ቀን በኋላ ዳግም መቀመጥን ይፈቅዳል፤ ሆኖም ከላይ የተጻፈው የማባዛት ስሌት በአዲሱ ውጤት እንደገና ተሠርቶ፣ ሰዓቱ እንደገና ተከፋፍሎ፣ ሦስቱ ሞዴሎች እንደገና ሳይሟሉ ቀን መያዝ ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ማጣት ነው።

ካለፉ ደግሞ በዚያው ዕለት በደብተሩ አዲስ ገጽ ላይ የማብቂያውን ቀን ይጻፉ። ሲሲኤንኤ የሚያገለግለው ሦስት ዓመት ሲሆን በድጋሚ ፈተና ወይም 30 የተከታታይ ትምህርት ነጥብ በመሰብሰብ ይታደሳል። ፒኤምፒ በሦስት ዓመት 60 የሙያ ማሻሻያ ነጥብ ይጠይቃል፤ ይህም በዓመት 20፣ በወር ሁለት እንኳ የማይሞላ ነጥብ ነው። በየወሩ ከተመዘገበ ቀላል ሲሆን ለመጨረሻው ዓመት ከተተወ ግን በሥራ ላይ ላለ ሰው ከባድ ጭነት ይሆናል። ስለዚህ አዲሱ ገጽ ላይ ከማብቂያው ቀን ሥር 36 ትንንሽ ሣጥኖችን አስምረው የመጀመሪያውን በዚያው ወር ይሙሉ።